ያዘነውን የሚያጽናኑ፥ የታወከውን የሚጠብቁ ሰዎች ሊመሰገኑ እንደሚገባ



የሰው ሥጋ እንደሚታመም ሁሉ አእምሮውም ይታመማል። እግሩ የተሰበረ ሰው ሲያነክስ ይታያልና ያየው ሁሉ ያዝንለታል፤ ምርኵዝም ያቀብለዋል። ልቡ የተሰበረ፥ ሐሳቡ የታወከ ሰው ግን ስብራቱ ከውስጥ ስለ ሆነ አይታይለትም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ሰነፍ ነው፥ ጠባዩ ክፉ ነው፥ ከሰው መቀላቀል አይወድም እየተባለ በሕመሙ ላይ ሐሜት ይጨመርበታል። ሕመሙ የማይታይ እንደ ሆነ ደግሞ የሚያስታምመው ሰው ድካምም አይታይም። ድልድይ ያሠራ ሰው ስሙ በድንጋይ ላይ ይቀረጻል፤ በጦር ሜዳ ጀግንነት የሠራ ወታደር ኒሻን በደረቱ ላይ ይደረግለታል፤ ሌሊቱን ሁሉ ከታወከ ወንድሟ አጠገብ ተቀምጣ ያነጋች እኅት ግን ሲነጋ እንስራዋን አንሥታ ወደ ውሃ ትወርዳለች እንጂ፥ እንዴት አደርሽ የሚላት እንኳ ላይኖር ይችላል። የዛሬው ንግግር ስለ እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ነው። እነማን እንደ ሆኑ፥ ሥራቸው ምን እንደሚጠቅም፥ ምስጋናውም በምን ዓይነት መንገድ ሊሰጣቸው እንደሚገባ በተራ ይነገራል።

አስቀድሞ የአእምሮ ጤና ምን ማለት እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል። የአእምሮ ጤና ማለት ሰው ልብሱን ጥሎ በጎዳና አለመሮጡ ብቻ አይደለም። ሰው ሥራውን ሠርቶ፥ ሌሊት እንቅልፉን ተኝቶ፥ ኀዘንና ችግር በመጣበት ጊዜ ችሎ፥ ከቤተ ሰቡና ከጎረቤቱ ጋራ ተስማምቶ ሲኖር አእምሮው ጤነኛ ነው ይባላል። የሕመሙም መንገድ ብዙ ነው። አንዱ በዘር ከወላጆቹ ያገኘዋል፤ አንዱ በኀዘን፥ አንዱ በድኽነት፥ አንዱ በጦርነትና በስደት ይታወካል፤ አንዲቱ እናት ከወለደች በኋላ ብርቱ ኀዘን ያለ ምክንያት ይይዛታል፤ አንዱ ወጣት በመጠጥ ወይም በጫት ብዛት እንቅልፍ አጥቶ ሐሳቡ ይበተናል። ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ በሕክምናና በሰው እርዳታ የሚድኑ ወይም የሚቀልሉ ናቸው። ስለዚህ የአእምሮ ሕመም የቤተ ሰብ ነውር ነው ብሎ መደበቅ ስሕተት ነው። አበው በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም ብለው የተረቱት ለሥጋ ሕመም ብቻ አይደለም።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት የድሬዳዋን ከተማ ነገር መመልከት ይበቃል። ድሬዳዋ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራሮች ግርጌ በደረሰ ጊዜ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ሐዲዱን በተራራው ላይ እስከ ሐረር ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ስለ ሆነ ጣቢያው በቈላው ሜዳ ላይ ተሠራ፤ በጣቢያውም ዙሪያ ኦሮሞውና ሶማሌው፥ ዐማራውና ሐረሪው፥ ጉራጌውና ዐረቡ፥ ግሪኩና አርመኑ ተሰብስቦ ከተማ ሆነ። ደቻቱ የተባለው ወንዝ ከተማዪቱን ከሁለት ይከፍላታል፤ አንደኛው ወገን ከዚራ፥ ሁለተኛው ወገን መጋላ ይባላል። ይህ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰውም በእግሩ ይሻገርበታል። በደጋው ላይ ብርቱ ዝናም የዘነመ እንደ ሆነ ግን ጎርፉ በድንገት ይደርሳል።

ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ፥ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፥ ደቻቱ ሞልቶ ከዳርቻው ወጣ። ከ250 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች ቤት አልባ ሆኑ፤ ጎርፉ የወሰዳቸው የብዙ ሰዎች ሬሳም ሳይገኝ ቀረ። ውሃው በጥቂት ሰዓት ውስጥ አለፈ። ከዚያም በኋላ በወንዙ ዳር ጎርፍ የሚከለክል ግንብ ተሠራ። ለውሃው ግንብ ይሠራለታል፤ በሰው ልብ ውስጥ ለቀረው ፍርሃት ግን ግንቡ ምንድር ነው? ከእንዲህ ያለ መዓት የተረፈ ሰው ደመና በተራራው ላይ ባየ ቍጥር ልቡ ይደነግጣል፤ ዝናም በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከእንቅልፉ ባንኖ ይነሣል። የልጁን ሬሳ አግኝቶ ያልቀበረ ሰው ደግሞ ኀዘኑን የሚያሳርፍበት መቃብር ስለሌለው፥ በሩ በተንኳኳ ቍጥር የጠፋው ልጁ የመጣ ይመስለዋል። ይህ ሁሉ ዕብደት አይደለም፤ የሰው ጠባይ ነው። ሰውዬው ብቻውን የተተወ እንደ ሆነ ግን ወደ ብርቱ ሕመም ሊለወጥ ይችላል።

እንዲህ ያለውን ልብ የሚጠግን ከቀድሞ ጀምሮ የቆየ ማኅበር በድሬዳዋ አለ። አንዱ እድር ይለዋል፤ ሐረሪውና ሌላውም ሙስሊም አፎሻ ይለዋል። አባሉ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ያዋጣል፤ ሞት በመጣ ጊዜ ድንኳኑ ይተከላል፥ አግዳሚው ይደረደራል፥ ምግቡ ይመጣል፤ ወንዶቹ መቃብር ይቈፍራሉ፥ ሴቶቹም ከኀዘንተኛዪቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። ይህን ልማድ ጠልቆ ለተመለከተው ሰው የሕክምና ጥበብ አለበት። ኀዘንተኛው ብቻውን አያድርም፤ እንባው አይከለከልም፤ አልበላም ቢል እንኳ አንድ ጒርሻ ይለመናል፤ የሟቹ ደግነት እየተነሣ ይወሳል፤ ቀኑ ሲፈጸም ደግሞ ድንኳኑ ይነሣና ኀዘንተኛው ቀስ በቀስ ወደ ሥራው እንዲመለስ ይመከራል። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዓመት፥ መዓት ለደረሰባቸው ሰዎች የሚሰጠውን የመጀመሪያ የልብ እርዳታ የሚያስተምር መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ ሥራውን በሦስት ነገር ጠቅልሎታል፤ እነርሱም መመልከት፥ መስማት፥ ማገናኘት ናቸው። ይኸውም ማን እንደ ተቸገረ መመልከት፥ የሚናገረውን በትዕግሥት መስማት፥ ሊረዱት ከሚችሉ ሰዎች ጋራ ማገናኘት ማለት ነው። መልካም እድርተኛ ይህን መጽሐፍ ሳያነብ ሥራውን ያውቀዋል።

ዳሩ ግን እድሩ ለሞተ ሰው እንጂ በቁሙ ለታመመ ሰው የማይደርስበት ሰፈር ብዙ ነው። ጥሩምባው የሚነፋው ለቀብር ነው። ሰው በሞተ ጊዜ ሁለት መቶ ሰው በድንኳኑ ይቀመጣል፤ ያው ሰው ከመሞቱ አስቀድሞ ሐሳብ ይዞት ከቤቱ ሳይወጣ ሦስት ዓመት ሲቀመጥ ግን የጠየቀው አንድ ሰው እንኳ ላይገኝ ይችላል። ይህ ጕድለት የሚታረመው የታመመውን በሕይወቱ ሳለ የሚጠይቁትን ሰዎች ለይቶ በማወቅና በማክበር ነው። ማኅበር የሚያከብረውን ነገር ልጆች ይማሩታልና።

ለዚህ አንድ ነገር ይነገራል፤ ምሳሌ ነው እንጂ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም። በቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ሴት ልጇን በጎርፍ አጣች። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሄደ። እርሷ ግን ገበያ መውጣት ተወች፤ ቀን በሯን ዘግታ ትተኛለች፥ ሌሊት ተነሥታ ወደ ወንዙ ትሄዳለች። የሰፈሩ ልጆችም ዕብድ እያሉ ይከተሏት ጀመር። በአጥሯ ማዶ ሰፈርተኛው አዴ እያለ የሚጠራቸው አንዲት ሙስሊም አሮጊት ይኖሩ ነበር። እኒህ አሮጊት በየማለዳው በሩን ያንኳኩ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት መልስ አላገኙም፤ ቡናውን በደጃፉ ላይ አስቀምጠው ይመለሱ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ከውስጥ ድምፅ ተሰማ።

«አዴ፥ ምነው ቢተዉኝ፤ ቡና ምን ያደርግልኛል?»

«ልጄ፥ ቡናው ምንም አያደርግልሽም። ብቻዬን መጠጣት አልወድም፤ ስለዚህ ነው። ክፈችልኝ፤ ባትናገሪም ዝም ብለን እንቀመጥ።»

በሩ ተከፈተ። ለብዙ ቀንም ዝም ብለው ተቀመጡ። አሮጊቲቱ ቻይው፥ እርሺው አላሏትም፤ ልጅሽ ምን ይወድ ነበር ብለው ብቻ ጠየቋት፤ እርሷም ከዚያ ቀን ጀምራ መናገር ጀመረች። ወር በሞላ ጊዜ ግን እንቅልፏ እንዳልተመለሰ፥ ሰውነቷም እየመነመነ እንደ ሄደ አይተው፥ ይህስ ከእኔ ዕውቀት በላይ ነው ብለው እጇን ይዘው ወደ ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ የታዘዘላትንም መድኀኒት በየማታው መዋጧን ይመለከቱ ነበር። ከዓመት በኋላ ሴቲቱ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ኀዘኗ አልጠፋም፤ ነገር ግን ተሸክማው መኖር ቻለች።

በዓመቱ የሰፈሩ ሰዎች በጎርፉ ጊዜ የደከሙትን ሊያመሰግኑ ተሰበሰቡ። ብርድ ልብስ ያመጣው ነጋዴ ተመሰገነ፥ ሬሳ ያወጡት ጐልማሶች ተመሰገኑ፤ ይህም የተገባ ነው። የአሮጊቲቱን ስም ያነሣ ግን አልነበረም፤ ሥራቸው በመዝገቡ የሚጻፍበት ስፍራ አልተገኘለትምና። በዚያን ጊዜ ሽንኩርት ሻጪቱ ተነሥታ «እኔን ከዚህ ያቆሙኝ አዴ ናቸው» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እርሳቸው ሲመልስ አሮጊቲቱ አፍረው «ቡና አጠጣኋት እንጂ ምን አደረግሁ?» አሉ።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፥ ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ሥራ እንደ ሠሩ እንኳ ስለማይቈጥሩት፥ ሌላው ሰው ፈልጎ ካላገኛቸው በቀር ራሳቸው አይታዩም። ሁለተኛው፥ የአሮጊቲቱ ደግነት በቡናው ብቻ አልተፈጸመም፤ ቡናው የማይበቃበትን ቀን ዐውቀው ወደ ሐኪም ወስደዋታል። ፍቅር ያለ ዕውቀት ብዙ ጊዜ ከመንገድ ይቀራል፤ ዕውቀትም ያለ ፍቅር በሩን የሚከፍትለት አያገኝም።

ከጎረቤት ቀጥሎ ሊመሰገኑ የሚገባቸው የአእምሮ ሐኪሞችና አስታማሚዎች ናቸው። በፋሺስት ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥር ዓመታት በኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሐኪም ቤት ነበረ። ስለዚህ በሩቅ አውራጃ የታመመ ሰው ሕክምና ለማግኘት ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር መጓዝ ነበረበት፤ ይህን ጉዞ ለማድረግ የቻለው ደግሞ ከብዙው ጥቂቱ ነው። ለአእምሮ ሕክምና መማር የፈለገ ሐኪምም ወደ ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበረበት። በ1980 ዓ.ም. ገደማ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች በአማኑኤል መሠልጠን ጀመሩ፤ በ1995 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማስተማር ጀመረ፤ ለዚህም ከካናዳ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እየመጡ አግዘዋል። እነ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም በቡታጅራ አካባቢ በገጠር ቤት ለቤት ባስመረመሩ ጊዜ ብርቱ የአእምሮ ሕመም በባላገሩም ዘንድ እንዳለ፥ ከታመሙትም አብዛኞቹ የሐኪም ሕክምና አግኝተው የማያውቁ መሆናቸው ተገለጠ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የሚሠራበትን የአእምሮ ጤና ዕቅድ አወጣ፤ የዕቅዱም ዋና አሳብ ሕክምናው በትልልቅ ከተማ ሳይወሰን በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ ነው። በድሬዳዋም በድል ጮራ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ነገር ግን ሕዝቧ ከ100 ሚሊዮን ለሚበልጥ አገር የእነዚህ ባለሙያዎች ቍጥር አሁንም እጅግ ጥቂት ነው። ይህን ሥራ መርጦ የሚማር ወጣት ብዙ ጊዜ ጓደኞቹ ይሣቁበታል፤ ከዕብዶች መካከል ምን ትሠራለህ ይሉታል። የአጥንት ሐኪም እንደሚከበር ሁሉ እርሱም ቢከበር ኖሮ ብዙዎች ይከተሉት ነበር።

ከሐኪሞች ሌላ፥ ማንም ሳያዝዛቸው የተነሡ ሰዎችም አሉ። አቶ ቢኒያም በለጠ በአዲስ አበባ በ2002 ዓ.ም. ገደማ በጎዳና የወደቁ ጥቂት አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ሰብስበው መቄዶንያ የተባለውን መርጃ ቤት መሠረቱ። ሥራው እያደገ ሄዶ በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች የሚጦሩበት ሆነ። ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው የሚለውም የማኅበሩ መፈክር በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ነው። ለመሥራቹ የክብር ዶክተርነት ማዕርግ ተሰጥቷቸዋል። የዚህ ምስጋና ጥቅሙ ለእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ ያየ የሰማ ሁሉ በጎዳና የወደቀው ሰው ታጥቦና ለብሶ ዳግመኛ ሰው ሆኖ ሊታይ እንደሚችል ተማረ፤ ገንዘቡንና ጕልበቱንም ይዞ መጣ።

በሌላውም ዓለም ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ አለ። በቤልጅግ አገር ጌል የምትባል አንዲት ከተማ አለች። በመካከለኛው ዘመን የአእምሮ ሕሙማን ወደ ቅድስት ዲምፍና ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ወደዚች ከተማ ይመጡ ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የተሠራው ማደሪያ በጠበበ ጊዜ የከተማዪቱ ሰዎች ሕሙማኑን በየቤታቸው ተቀብለው ያሳድሩ ጀመር። ይህ ልማድ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት ከ3,000 የሚበልጡ ሕሙማን በገበሬውና በነጋዴው ቤት እንደ ቤተ ሰብ ይኖሩ ነበር። ሐኪሞችም ይቈጣጠሩታል፤ መንግሥትም ለተቀበለው ቤተ ሰብ ገንዘብ ይከፍላል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ይህን የጌልን ልማድ ለሌላው አርአያ ከሚሆኑ ሥራዎች መዝገብ ጻፈው። እዚህ ላይ የተከበረው አንድ ሰው አይደለም፤ ከተማዪቱ በሙሉ ናት።

በአፍሪካም በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ዓመት አንድ አሳብ አሰቡ። ሐኪሞች ጥቂት ስለ ሆኑ፥ በጤና ጣቢያ ይሠሩ የነበሩ 14 አሮጊቶችን አስተማሩ። እነዚህ አያቶች ከጤና ጣቢያው ደጅ በእንጨት መቀመጫ ላይ ተቀምጠው፥ ሐሳብ የበዛበትን ሰው እያዳመጡ ችግሩን አንድ በአንድ እንዲፈታ ይረዱት ጀመር። ሥራውም የወዳጅነት መቀመጫ ተባለ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓመት በታተመ ጥናት 573 ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው ተመረመሩ። ከ6 ወር በኋላ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ከ100 ሰዎች በ50ዎቹ ያህል የብርቱ ኀዘን ምልክት ሲገኝ፥ ከአያቶቹ ጋራ ከተቀመጡት ግን ከ100 በ14 ያህሉ ብቻ ተገኘ። ይህ ነገር ለኢትዮጵያ መንደር እንግዳ አይደለም። የሐራሬ አያት በመቀመጫው ላይ ያደረጉትን፥ በምሳሌው የተነገሩት አዴ በቡናው አጠገብ አድርገውታል። ልዩነቱ የሐራሬዎቹ አያቶች ተፈልገው መገኘታቸው፥ መማራቸውና መከበራቸው ነው።

የሃይማኖት አባቶችም በዚህ ሥራ ትልቅ ስፍራ አላቸው። በኢትዮጵያ አብዛኛው ሰው አእምሮው በታወከ ጊዜ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ጠበል ወይም ወደ ሼሁ ጸሎት ነው። ካህኑ ጠበሉን እያጠመቀ መድኀኒትህንም አትተው ያለ እንደ ሆነ፥ ሼሁም ዱዓውን አድርሶ ወደ ሐኪም ሂድ ያለ እንደ ሆነ፥ አንድ ሕይወት አድኗል። ቃሉ ከሐኪሙ ቃል ይልቅ በሕመምተኛው ቤተ ሰብ ዘንድ ይሰማልና። እንዲህ ያለው አባት በሕዝብ ፊት ሊመሰገን ይገባዋል።

እንግዲህ ምስጋናው እንዴት ይሁን? አንደኛ፥ መፈለግ ነው። በየዓመቱ የእድሩ ጉባኤ በሚሰበሰብበት ቀን ሰብሳቢው፥ በዚህ ዓመት በችግርህ ጊዜ አጠገብህ የተቀመጠ ማን ነው ብሎ አባሉን ሁሉ ይጠይቅ። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1992 ዓመት ጀምሮ ኦክቶበር 10 ቀን፥ ይኸውም ብዙውን ጊዜ መስከረም 30 ቀን፥ የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ሆኖ ይታሰባልና ይህም ቀን ለዚሁ ሥራ ይመቻል። ሁለተኛ፥ የተሠራውን ሥራ ለይቶ መናገር ነው። ደግ ሰው ነው ማለት አይበቃም፤ ሌላው ሊከተለው እንዲችል ምን እንዳደረገ ይነገር። ሦስተኛ፥ ማሳረፍ ነው። ልጇን ዐሥር ዓመት ያስታመመች እናት ከወረቀት ምስጋና ይልቅ በሳምንት አንድ ቀን ልጇን የሚጠብቅላት ጎረቤት ይጠቅማታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንደ ተባለ፥ ሸክሙን መካፈል ከሁሉ የሚበልጥ ምስጋና ነው። አራተኛ፥ ማስተማር ነው። ማዳመጥ የሚያውቅ ሰው የትኛው ሕመም ወደ ሐኪም እንደሚያስፈልገው ቢማር ሥራው በእጥፍ ይጠቅማል።

ከዚህም ጋራ ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነገሮች አሉ። የአስታማሚው ስም ሲጠራ የሕመምተኛው ምስጢር ሊገለጥ አይገባም፤ ራሱ ወዶ ካልተናገረ በቀር የታመመውን ሰው በጉባኤ መካከል አቁሞ ይህ ዕብድ ነበረ ማለት ዳግመኛ ማቍሰል ነው። በአንድ በዓል ቀን ምሳ አብልቶ ሥዕሉን ያስነሣ ሰው ዓመቱን ሁሉ ከደከመው ሰው በላይ አይቀመጥ። ሕመምተኛን የሚደበድብና የሚያስርብ ሰው አጋንንት ላስወጣ ነው ቢል እንኳ አይመስገን። ይሁን እንጂ የሚያደርገው ቸግሮት ልጁን በሰንሰለት ያሰረ ድኻ አባት ሲገኝ፥ ከመውቀስ አስቀድሞ የሐኪም ቤቱን መንገድ ማሳየትና ሰንሰለቱ ሲፈታ አጠገቡ መቆም ይገባል። ከሁሉም ይልቅ ምስጋና የደመወዝና የመድኀኒት ምትክ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። መድኀኒት በጠፋበት ጤና ጣቢያ ነርሱን በጭብጨባ ብቻ መሸኘት ከዕዳ መሸሽ ነው።

መምህራን ሆይ፤ ይህ ሥራ በትምህርት ቤት ሊጀመር ይችላል። ተማሪዎች ዕብድ የሚለውን ቃል ለስድብ እንዳያደርጉት፥ የታመመውንም ሰው በድንጋይ እንዳያሳድዱት ማስተማር የመጀመሪያው ነው። ቀጥሎም እያንዳንዱ ተማሪ ወደ ቤቱ ሄዶ ወላጆቹን፥ እጅግ ባዘናችሁ ጊዜ ያጽናናችሁ ማን ነበረ ብሎ ይጠይቅ፤ የሰማውንም፥ ወላጆቹ የፈቀዱለት እንደ ሆነ፥ በዐሥር መሥመር ጽፎ ያምጣ። በዚያም ጽሑፍ ውስጥ የሰፈሩ ውሃ ቀጂ፥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዪቱ፥ የእድሩ ዳኛ፥ በሥራ ማጣት የተከዙትን ወጣቶች ከጫት ቤት አውጥቶ ኳስ የሚያጫውታቸው ጐልማሳ፥ ሌላም ብዙ ሰው ስሙ ይገኛል። ከክፍሉም ተማሪዎች መካከል ብቻውን የሚቀመጠውን ልጅ አጠገቡ ሄዶ የሚቀመጥለት ተማሪ ቢገኝ፥ መምህሩ ይህን ዐይቶ በጆሮው አመስግነህ ቢለው፥ በሒሳብ አንደኛ ከወጣው ያነሰ አይደለም።

የደቻቱ አሸዋ ዛሬም በበጋ ደረቅ ነው፤ ልጆቻቸውን ያጡት ወላጆችም ዛሬ በዚያው ዳር ይሄዳሉ። የከተማዪቱ ሰው ግንቡን አይቶ ይህን መንግሥት ሠራው ይላል። እነዚያን ወላጆች በእግራቸው ያቆማቸውን ማን እንደ ሠራው ግን የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከዚህ ጉባኤ ተነሥቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሁሉ በመንገዱ ላይ በችግሩ ቀን አጠገቡ የነበረውን አንድ ሰው ያስብ፤ ያ ሰው በሕይወት ካለም ሳይመሽ በሩን አንኳኵቶ ያመስግነው።